ለድሬሰርነት ያወጣሁት የጥናት ፕሮግራም

ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ አሰላን ሳካልል ከርሜ፣ የሐኪም ረዳት ለሚያሠለጥነው ለድሬሰር ትምህርት ቤት መግቢያ ልፈተን ተነሣሁ። ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ የጥናት ፕሮግራም አወጣሁ። ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን ዘለልኩ። ለአከራዬ ለሐጂ ክብር ስል ዓርብንም፣ ለሰንበት ስል ቅዳሜና እሑድንም ተውኩ። በሳምንቱ ሁለት የገበያ ቀንማ ማን ያነባል? ወረቀቱን የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፉልኝ ለቀድሞ አስተማሪዬ ለጋሼ ታደሰ በኩራት አሳየሁ። ያለ ደብዳቤው መፈተን የለም።

«አንተ፣ የምትፈተነው ለድሬሰርነት ነው ለቅስና?»

«ጋሼ፣ በዓል መሻር ነውር ነው ብዬ እኮ ነው።»

«ታዲያ ባለፈው ማርያም ጎሚስታው ጋ ጎማ ሲነፋ ያየሁት መንትያህን ነው?»

እሳቸው በጣታቸው ቆጠሩና «ለንባብ የተረፈህ አራት ቀን ብቻ ነው፤ በል ሂድና አስተካክል» ብለው ደብዳቤውን ሰጡኝ።

እልህ ያዘኝ። ቤቴ ገብቼ አንድም በዓል የሌለበት አዲስ ፕሮግራም በማስመሪያ አሰመርኩ፤ በቀይ ቀለም ገለበጥኩ። መስመሩ ሲጣመምብኝ ቀደድኩ፤ ሰዓቱ አልጥም ሲለኝ ደግሞ በየማግስቱ እንደገና ጀመርኩ። በመጨረሻ እንደ ሙሽራ አምሮልኝ ግድግዳው ላይ ስለጥፈው፣ ፈተናው ነገ ጠዋት ነበር።