ሶፋ ላይ የቀረው ሽምግልና

ባየሽን የሚያውቅ ሰው ስትጮህ አይፈራትም፤ የሚፈራት ድምጿ ሲለሰልስ ነው። የዚያን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው በአሜሪካው ቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ሰብሰብ ብሎ ምሳ ሲበላ፣ ድምጿ ማር ማር ይል ነበር። ከጎኗ የተቀመጠችው የሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ጎረቤቷ ሲምቦ ናት። ከጠረጴዛው ማዶ ጋሽ ሰረቀብርሃን ከጎልማሳ ልጃቸው ጋር ይበላሉ። ባየሽ ወደ እሳቸው ዞር ብላም አላየች፤ የምታወራው ከሲምቦ ጋር ነው።

«ሲምቦዬ፣ ዘንድሮ ብርዱ ደህና ነው፣ አይደል? አምና ይሄኔ መኪናዬ አልነሳ ብሎኝ ስንት ሺፍት አመለጠኝ... ዘንድሮ አገሩም ደስ ብሎታል። የነፃ ትግል ስፖርተኛ የስቴቱ ገዥ አድርገው መርጠው የለ? ፈረንጆቹ ጉድ ይላሉ። ታጋይ ሥልጣን ሲይዝ ለእኛ ብርቅ ነው እንዴ? እኔስ ወደድኩት። ታጋይ ቢያንስ ምን ሊሠራ መድረክ ላይ እንደወጣ ያውቃል... ወጥቶ አይቀመጥም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ አክሊሉ ዮሐና የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። የነቢያት ጾም ሳይገባ ቃሉ እንዲታሰር፣ ባለፈው እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ሆፕኪንስ ከተማ ወደ ልጅቱ አባት ቤት ተላኩ። የሽማግሌ ወግ መቼም የታወቀ ነው፤ የመጡበት ጉዳይ ሳይሰማ ተቀመጡ ቢባሉም አይቀመጡም። መሪያቸው ጋሽ ሰረቀብርሃን ግን ገብተው ቴሌቪዥኑ ላይ የቫይኪንግስን የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ሲያዩ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ታላቅ ሲቀመጥ ታናሽ ምን ያድርግ፣ ሌሎቹም ተቀመጡ። በሉ፣ ጠጡ፣ ተጫወቱ፣ አመስግነው ወጡ። ልጅቱን የጠየቀ የለም።

«አንድ ሰው አውቃለሁ» አለች ባየሽ፣ «ስማቸው ምን ያደርጋል... እውቀታቸው የሚገርም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? እሳቸው ሞኝ ስላልሆኑ የያዙትን በር ላይ ለቀውት ገቡ። የቤቱ ባለቤት አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ ብለው ሲጠብቁ... እሳቸው ምርጫውን ይተነትኑላቸው ጀመር። ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ለምን እንደተሸነፉ ታውቂያለሽ? ዋናውን ጉዳይ ትተው ወሬ ሲያወሩ ቀናቸው አለፈ አሉ። እሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉት። እንዲህ ያለ ትንታኔ ከየት ይገኛል?»

ከማዶ የጋሽ ሰረቀብርሃን እጅ ጉርሻውን እንደያዘ ቆመ። ሲምቦ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«አባትየው ደግሞ ደግ ሰው ናቸው። ቢጨንቃቸው በሩን ራሳቸው ከፈቱት። 'ዮሐናዬ እኮ ነርሲንጉን ግራጁዌት አደረገች' አሏቸው። ሴት ልጅ ያለችው አባት ሽማግሌ ፊት ይህን የሚለው ለምንድን ነው? ... እሳቸው ግን የአሜሪካ ትምህርት ልጆቻችንን እንዴት እንዳበላሸ አስረዷቸው። ተማሪው ጥያቄውን ሳያነብ መልስ ይጽፋል ብለው አዘኑ። ነገርን ከሥሩ ይባላል፤ እሳቸውም ሥሩን ሲቆፍሩ ሲቆፍሩ ዛፏን ረሷት።

«ኋላ ማዕድ ቀረበና ባርኩልን ተባሉ። ልብ በይ፣ እግዜር ራሱ ነው እኮ የጋበዛቸው። 'ይህን ቤት ከባየሽ ቤት አዛምድልን' ቢሉ አልቆ ነበር። ባረኩና ስለ ፈረንጆቹ ሃይማኖት ያዙ። እነሱ ወንበር ላይ ተደላድለው ነው የሚጸልዩት፣ እኛ ግን ስንለምን ቆመን ነው አሉ። ቆመን... ይህን ሲሉ ትራሱን ከጀርባቸው እያመቻቹ ነበር አሉ።

«ስፖርቱንማ አታንሺው። አንዱ ተጫዋች ኳሷን ያን ሁሉ መንገድ ይዞ ሮጦ፣ መስመሩ ጋ ሲደርስ አይጥላት መሰለሽ? አንጀታቸው ተቃጠለ። 'እዚህ ድረስ መጥቶ እንዴት ይጥላል' አሉ። ርኅሩኅ ናቸው።»

እዚህ ላይ ባየሽ ውሃ ጠጣች። መሳቁን ትስቃለች እንጂ ውስጧ አሯል። ሌላ ቤተሰብም ለዮሐና ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ሰምታለች።

«ሁሉንም የነገረችኝ የልጅቱ እናት ናት፤ ማታውኑ ደወለችልኝ። 'ባየሽ፣ እንግዶችሽ ሲጣፍጡ፤ ለመሆኑ ለምን ነበር የመጡት?' አለችኝ። ምን ልበላት? አክሊሉ እኮ ከነክራቫቱ ስልኩ አጠገብ ተቀምጧል... እናም ዛሬ ከሰዓት ሌሎች እልካለሁ። እውቀት የላቸውም፣ ምስኪኖች። ቆመው መለመን ብቻ ነው የሚችሉት።

«ለማንኛውም በእኚያ ሰው አልፈርድም። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ወንድ ልጃቸውም ደርሶ የሚወዳት አግኝቷል ሲሉ ሰማሁ፤ እግዜር የልቡን መሻት ያድርስለት። ሚስት የሚያስጠይቅበት ቀን ሲመጣም፣ ልክ እንደ አባቱ ያለ አዋቂ ሽማግሌ ከፊት አስቀድሞ ይላክለት። አሜን በሉ እንጂ፣ ምርቃት እኮ ነው።»

ሲምቦ አሜን አለች። ጠረጴዛውን የከበቡትም አሜን አሉ። የጋሽ ሰረቀብርሃን ልጅ ወደ አባቱ ዞሮ አፍጥጦ ያያቸዋል። ምርቃት ተቀምጠው አይቀበሉትምና፣ ጋሽ ሰረቀብርሃን ጉርሻቸውን ሳህኑ ላይ መልሰው ከወንበራቸው ተነሱ፤ ቆመውም አሜን አሉ።