ገተሜ ቀበሌ

— ሄሎ… አቤት፣ ማን ልበል?… ገብረአማኑኤል? የትኛው ገብረአማኑኤል?… እ! አንተ ነህ እንዴ። ቁጥርህን አጥፍቼው ነበር… ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት። ሰላምታውን ተወውና ለምን ደወልክ?

— ቆይ፣ ድንቅዬ አትበለኝ። ድንቅቱ ነው ስሜ።

— (ጌጤ፣ በሩን ዝጊልኝ እስኪ። እሱ ነው… አዎ፣ ራሱ!)

— እየሰማሁህ ነው… አዲስ አበባ ነህ? ሻይ ሰዓት ላይ ናችሁ?… ጥናቱን ያቀረብከው ዛሬ ነው ለካ! ተመልሰህ እስክትገባ ስንት ደቂቃ አለህ?… ሃያ። ይበቃናል።

— ቀስ በል፣ እየተንተባተብክ ነው… እሺ። ግማሾቹ ሰዎች የወይራ ዘይት ጠጡ፣ ግማሾቹ የኑግ ዘይት። ልክ። ከዚያ ሽንታቸው ሲለካ ኑግ የጠጡትም ላይ የወይራው ፖሊፌኖል ተገኘ። ልክ… ፕሮፌሰሩም “ያልጠጡት ነገር ከየት መጣ?” አሉህ። ሸጋ ጥያቄ!

— አልሳቅኩም። ጉንፋን ይዞኝ ነው።

— አንተስ ምን መለስክ?… “ከሻይ በኋላ አብራራለሁ”? ኧረ ጉድ! ዓመት ሙሉ “ጥናቴ፣ ጥናቴ” ስትል ከርመህ ዛሬ ማብራሪያውን ከኔ ትለምናለህ?… እሺ፣ አትለማመጠኝ። ሁለት ዓመት አንድ ቢሮ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተቀምጠናል፣ እንዴት እጨክንብሃለሁ?

— ከሀ እንጀምር። ፖሊፌኖል ምን ያደርጋል?… “ፀረ-ኦክሲዳንት ነው።” እሱንማ ማንም ያነበንበዋል። ደም ውስጥ ያለውን ስብ ኦክስጅን እንዳያበላሸው ይከላከላል። ቅቤ ቆይቶ እንዳይሸት እንደማለት ነው። ግን ለመከላከል መጀመሪያ ሰውነት ውስጥ መግባት አለበት አይደል? ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ቢቀር ምን ይጠቅማል? መግባቱን በምን እናውቃለን?… በሽንት። ጎበዝ። በትንሹ አንጀት ይገባል፣ አንጀትና ጉበት መልኩን ይለውጡታል፣ ከዚያ በሽንት ይወጣል። ሽንት ውስጥ ከተገኘ ገብቷል ማለት ነው… ገባህ? እሰይ። አንተም ውስጥ ትንሽ ነገር ይገባል ለካ።

— አሁን እኔ ልጠይቅህ። ዘይቱን የጠጡት ሰዎች አገር፣ ጊንጪ፣ አድረህ ታውቃለህ?… ማደር ነው ያልኩህ፣ በአውቶቡስ ማለፍ አይደለም… አታውቅም። ብታድር ኖሮ ጠዋት ደጅ የወጣው ሰው ሁሉ አፉ ውስጥ ምን እንደሚይዝ ታይ ነበር።

— መፋቂያ! የምን መፋቂያ?… የወይራ ነዋ! ኤጀርሳ! ቅርፊቱን እያኘኩ፣ ምራቁን እየዋጡ ነው ብልቃጡን ሊሞሉ የሚመጡት። ኑግ ይጠጡ ውሃ ይጠጡ፣ ወይራው ከጠዋት ጀምሮ ሆዳቸው ውስጥ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

— አታመስግነኝ። እኔም መጀመሪያ አላሰብኩትም። ያን ሁሉ ሰው ሳስቸግር ከርሜ፣ አባቴ ነው መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ያሳየኝ። “ልጄ፣ ይሄስ የምን እንጨት ነው?” ብሎ እስኪያስለው ሳቀብኝ። ደብተሩን ጥዬ እንደገና ልጀምር ነበር። ሁሉም ለሳምንት ጥርሳቸውን በጨው እንዲያሹ ተስማምተን ነበር። ከዚያ አባቴ ታመመ…

— ቆይ፣ አትዝጋ! ወዴት ነው ጥድፊያው? ገና አስራ ሁለት ደቂቃ አለህ። ናሙናው የተሰበሰበው የት ነው ብለህ ጻፍክ?… ጮክ በል፣ አይሰማም… “ደንዲ ወረዳ፣ ገተሜ ቀበሌ።” እስኪ ድገምልኝ… ገተሜ ቀበሌ።

— (ጌጤ! ቀበሌ አድርጎታል! በማርያም፣ ቀበሌ!)

— ገተሜ ከጊንጪ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?… ሰባት? ሰባት ብለህ ጻፍክ? በእግርህ ሄደህ ነው ወይስ በበቅሎ?

— አዎ፣ አሁንማ እየሳቅኩ ነው። ስማኝ። የደብተሬ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በኦሮምኛ፣ በቁቤ የጻፍኩትን ነው ያየኸው። የቦታ ስም አይደለም። ገተሜ ማለት “ተጥሏል” ማለት ነው። የማይረባ፣ የተጣለ!… ሄሎ? ትሰማኛለህ?… አምቦ ተወልደህ፣ ከኛ ልጆች ጋር ኳስ ተራግጠህ አድገህ፣ ይህችን አንዲት ቃል ማንንም አልጠየቅክም? ግን ማንን ትጠይቃለህ። ሌባ ምን ብሎ ይጠይቃል!

— ሌባ አልኩህ፣ አዎ። መዋስማ አስፈቅዶ ነው። ደብተሬን በወሰድክ ሰሞን እኔ የት ነበርኩ?… ተናገራ!… ጊንጪ፣ አባቴን እየቀበርኩ። አንተም መጥተህ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠህ “እግዜር ያጥናሽ” ብለኸኛል። በማግስቱ አምቦ ገብተህ “ድንቅቱ ልካኝ ነው” አልክና ከጌጤነሽ የመሳቢያዬን ቁልፍ ተቀበልክ። በዚያ ደብተር ቁጥር አንድ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?… ኦቦ ሌታ ነው! አባቴ! አፈሩ ሳይደርቅ የአባቴን ሽንት ሰረቅክ፣ አንተ ሰውዬ!

— (አንቺ ምን አጠፋሽ ጌጤ? አታልቅሺ። አምነሽው ነው።)

— በወሩ አውቄያለሁ። መሳቢያዬን ስከፍት ደብተሬ የለም፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደግሞ የጥናትህ ርዕስ ተለጥፏል… “ለምን አልነገርሽኝም?” ለምን ብዬ ልንገርህ? ሽፋኑን ማንበብ እንደማትችል አውቅ ነበር። ዓመት ሙሉ ይህችን ስልክ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

— ለመሆኑ ፕሮፌሰሩ የየት አገር ሰው ናቸው?… የጉደር! እንግዲህ ኦሮምኛ አፍ የፈቱበት ነው፣ ቃሏን አይተዋታል። እስክትመለስ እየጠበቁህ ነው።

— ምን?… የማን ስም?… አትዋሽ!… የኔን? ሁለተኛ ላይ?… ማን ጻፍልኝ አለህ?… “ጸጽቶኝ ነው።” ጸጸትህን ዛሬ ነው የምትነግረኝ?

— (ጌጤ… ስሜን ጥናቱ ላይ አስገብቶታል።)

— አውቃለሁ። የስፔኑን የትምህርት ዕድል የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። የኔም ማመልከቻ እሳቸው ጋ ነው፣ አትንገረኝ… እና ምን በያቸው ነው የምትለኝ?… “ገተሜ የጎጥ ስም ነው።” እኔ እንዲህ ካልኩ ሁለታችንም እንድናለን… ገባኝ።

— ቆይ፣ እያሰብኩ ነው።

— አጠገብህ ናቸው?… ስልኩን ስጣቸው።

— ሄሎ… አከም ቡልተን ፕሮፌሰር… ነጋ፣ ነጋ፣ ደህና ነኝ… አዎ፣ ድንቅቱ ሌታ ነኝ፣ ከአምቦ። ሁለተኛዋ ስም… ገተሜ?

— አይደለም ጌታዬ። ቀበሌም አይደለም፣ ጎጥም አይደለም። እርስዎም ያውቁታል… ደብተሩ የኔ ነው። ተበላሽቶብኝ የጣልኩት ነው… አዎ፣ በመፋቂያው ምክንያት… መውሰዱን አውቅ ነበር… አልነገርኩትም… እንዲዋረድ ነዋ። ሰው ፊት እንዲዋረድልኝ።

— የኔም?… “አውቆ ዝም ማለትም ጥፋት ነው።” ልክ ብለዋል… ማመልከቻዬም… አይ፣ ገብቶኛል። ይሰረዝ።

— አንድ ነገር ላስቸግርዎ? እሱ አጠገብዎ አለ?… ምን እያደረገ ነው?… ፊቱን በእጁ ሸፍኖ?… እስኪ ስልኩን ወደሱ ጠጋ ያድርጉልኝ። ምንም አልለውም። ልስማው ብቻ።

— …

— (ተይኝ ጌጤ። ሲያለቅስ እየሰማሁ ነው።)

— …

— ይበቃኛል ጌታዬ። ደህና ይዋሉ።