አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የተከፈተ በር

የምስክር ቃል መቀበያ
ስም፡ ኑርሀን ዛኪር
ዕድሜ፡ 27
ሥራ፡ የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ
አድራሻ፡ ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ቀን፡ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። የአቶ ሽመክት የእንስሳት መድኃኒት መጋዘን የሚገኘው መልካ ጀብዱ ነው። የቀዝቃዛው ክፍል በር በካርድ የሚከፈት ሲሆን፣ መቼና በማን ካርድ እንደተከፈተና እንደተዘጋ የሚመዘግበውን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የተጠራሁት የመዝገቡን ወረቀት አይቼ ትክክል መሆኑን እንዳረጋግጥ ብቻ ነበር።

ጥር 12 ጠዋት አቶ ሽመክት በሩን ገርበብ ብሎ እንዳገኙት፣ ለቢዮ አዋሌ ቀበሌ ፍየሎች የተዘጋጀው ክትባት በሙሉ እንደተበላሸና የቀን ጥበቃው አቶ ሊበን በዚያው ዕለት እንደታሰሩ መርማሪው ነገሩኝ። አቶ ሊበንን በሶማሊኛ እንደ አጎት አዴር እያልኩ ነው የምጠራቸው። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዳሃቦን ጣቢያው በር ላይ ቁርስ ይዘው ቆመው አግኝቻቸው፣ አይዞዎት ብያቸው ገባሁ።

ወረቀቱ "ጥር 11፣ 1፡15፣ ተከፈተ፣ የሊበን ካርድ" ይላል። ከዚያ በኋላ ተዘጋ የሚል የለም። በጥምቀት ዕለት ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ ከአዴር ሊበን በስተቀር ሰው እንዳልነበረ፣ እሳቸው ግን "ጠዋት በሩን አልነካሁም" ብለው እንደሚምሉ ተገለጸልኝ። ወረቀቱ ከእኔ ፕሮግራም የወጣ ነው ብዬ ፈረምኩ። በልቤም ትልቅ ሰው ለምን ይዋሻል ብዬ ታዘብኳቸው። ይህም ይጻፍልኝ።

መርማሪው ከጠዋቱ መሆኑ በምን ይታወቃል ብለው ሲጠይቁኝ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ዋናውን መዝገብ አየሁ። ኮምፒውተሩ ጊዜን የሚይዘው ከእኩለ ሌሊት በሚጀምር የሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ነው። እዚያ ላይ ያለው 19፡15 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት።

አቶ ሽመክት ከበዓሉ በፊት ደውለው፣ "ኑሪ፣ ድሬ ውስጥ አስራ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ የሚቀጣጠር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? በእኛው ሰዓት አድርጊልኝ" ብለውኝ ነበር። ስድስት ሰዓት የሚቀንስ፣ ከአስራ ሁለት ሲያልፍ ደግሞ እንደገና ከአንድ የሚጀምር የፕሮግራም መስመር ጻፍኩ። በዚህ መስመር 19፡15 ተቀንሶ 1፡15 ይሆናል፤ 07፡15ም ያው 1፡15 ይሆናል። ጠዋት ወይም ማታ የሚለውን መጨመር ረሳሁ። አንድ ቃል ነበር።

መርማሪው ታዲያ ምሽት ላይ በሩን ማን ከፈተው ብለው ጠየቁኝ። በዚያ ምሽት መጋዘኑ ውስጥ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። ዝም የማለት መብት እንዳለኝ፣ ከዚህ በኋላ የምናገረውም በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። ተረድቻለሁ፤ እናገራለሁ።

የከፈትኩት እኔ ነኝ። አዲሱን መስመር ልጭን የሄድኩት በዓል ስለሆነ ሠራተኛ በሌለበት ቀን ነው። የማታው ጥበቃ ታቦት ሲያስገባ ስላመሸ አዴር ሊበን ተክተውት ቆይተው ነበር። ካርዳቸውን ሰጥተውኝ "አባዮ፣ እህቴ፣ ስትጨርሺ ዝጊው" ብለው ዒሻ ሊሰግዱ ሄዱ። ለሙከራ በሩን ከፈትኩ። ላፕቶፑ ላይ 1፡15 ብሎ ሲወጣ ደስ አለኝ፤ በስልኬም ፎቶ አነሳሁት። ስክሪኑን እያየሁ ወጣሁ። በሩን መዝጋቴን አላስታውስም። መዝገቡም አልዘጋሽም ይላል። ወረቀቱን ስፈርም የጠዋት ነው ስለተባልኩ ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም።

አዴር ሊበን የተጠየቁት ስለ ጠዋት ነው፤ የመለሱትም እውነቱን ነው። ዛሬ በእኔ ጥፋት ከታሰሩ አራተኛ ቀናቸው ነው። አሁኑኑ እንዲፈቱልኝ፣ ወይዘሮ ዳሃቦም አሁንም በር ላይ ስላሉ ነገሩን እኔው እንድነግራቸው እጠይቃለሁ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያልኩት ነው የተጻፈው። ቀደም ብዬ ከፈረምኩበት ወረቀት ይልቅ ይህኛው ይታመንልኝ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፡ ኑርሀን ዛኪር
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፡ ሳጅን ሀብተ ማርያም ዓብዩ
ሰዓት፡ ከጠዋቱ 4፡20። "ከጠዋቱ" የሚለው በቃል ሰጪዋ ጥያቄ የተጨመረ ነው።