የሾፌሩ ትንፋሽ

ከመካኒሳ አቦ በተሳፈርንበት ታክሲ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ኦቾሎኒ እየበላ ለጓደኛው ያወራል።

«ሾፌሬን አባረርኩት። አዲሷን የጭነት መኪናዬን ገና ወደ ወደብ ሳይነዳልኝ ሥራ አስቀረብኝ።»

«ምን አድርጎ?»

«እህል የሚያስጭኑን ሰዎች አዲስ ባለመኪና ነህ ብለውኝ ጠዋት የሾፌሬን ትንፋሽ መረመሩ። መጠጥ ተገኘበት።»

«የት ጠጥቶ?»

«እኔው ቤት ነዋ፣ ማታ መኪናዋን ስናስመርቅ።»

«ምርመራ እንዳለበት እያወቀ?»

«ነግሮኝማ ነበር። ‹ነገ ይመረምሩኛል፣ ይቅርብኝ› ሲለኝ ‹በሞቴ› ብዬ አረቄውን በእጄ አጠጣሁት።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

«የሱ ነዋ። እምቢ አይልም? ለእንጀራው ያልተጠነቀቀ ለመኪናዬ ይጠነቀቃል?»

ይህን ብሎ ኦቾሎኒውን ወደኔ ዘረጋና «በሞቴ፣ ትንሽ ይቅመሱ» ሲለኝ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።