የተወቀሰው ታብሌት

ኮሮና ቤተ ክርስቲያኑን ባዘጋ ጊዜ፣ በዓረብ አገር፣ ሳልዋ በሚባል ሰፈር፣ እኔ ዘበኛ በሆንኩበት ሕንፃ የሚሠሩት መዓዛና ፀሐይ ቅዳሴ የሚያዩበት ታብሌት ገዙ። በማግስቱ መዓዛ፣ “ሸክም ነው፤ ካሜራውም ሰው ያስረጃል። ፋሐሂል ገበያ ወስደን ለሱቁ እንመልሰው” አለች። ፀሐይ ደግሞ “ካሜራው ምን ያድርግ፣ ያለሽን መልክ ነው ያሳየሽ!” አለችና ወደ እኔ ዞረች። “አባባ፣ እርስዎ ይፍረዱ።”

ከመፍረዴ በፊት አገር ቤት ላለችው ባለቤቴ በታብሌቱ በቪዲዮ ደውዪልኝ አልኳት። በስልኬ አውራ ጣት የማታክለው ሴት ሙሉ ፊቷ መጣ። ሳቀች። የፊት ጥርሶቿ የሉም።

“መቼ ወለቁ?” አልኳት።

“ሁለት ዓመት አለፋቸው። ያንተስ ፀጉር የት ሄደ?”

“ካሜራው ነው” አልኩ።

መዓዛ “ይኸው!” ብላ ልትወስደው እጇን ዘረጋች።

“ወቀሳሽ እውነት ነው” አልኳት። ታብሌቱን ግን አልለቀቅሁም።