ጥሎ የወጣው እኔ ነኝ

በእኛ በራያ እርቅ ላይ ዱአው ሳያልቅ ጥሎ የወጣ ወገን እርቁን ረገጠ ነው የሚባለው። ያን ቀን ከጎብዬ ወጣ ብሎ በተጣለ ዳስ ውስጥ ወንድሜን ሰይድን በተሽከርካሪ ወንበሩ ይዤው ገብቻለሁ። ፊት ለፊታችን በጥይት የመታው አደም ከነዘመዶቹ ተቀምጧል። ከዚያች ጥይት ወዲህ ሰይድ ከወገቡ በታች ምንም አይሰማውም። ውጭ አገር ሲታከም የሽንት ፊኛው ውስጥ ትንሽ መሣሪያ ቀብረውለታል፤ ፊኛው ሲሞላ ስልኬን ታስጮኸዋለች። ቶሎ በቱቦ ካልወጣለት ሽንቱ ወደ ኩላሊቱ ይመለሳል።

አስታራቂው ሸህ ዱአ እንደጀመሩ ስልኬ ጮኸ። ዘጋሁት፤ ደግሞ ጮኸ። "እንውጣ" አልኩት በጆሮው። "ዝም በል! ዳግመኛ ደም ልታቃባን ነው?" አለኝ፤ ፊቱ በላብ ርሷል። ሦስተኛ ሲጮህ የአደም አጎት ብድግ አለ። "ማን ነው የሚደውልልህ? ውጭ ያስቀመጥከው ሰው አለ?" እጆች ወደ ወገብ ሲሄዱ አየሁ።

ያኔ ሰይድ ራሱ ተናገረ። "ሽንቴ ነው። እኔ አይሰማኝም፣ ስልኩ ነው የሚሰማልኝ። ወላሂ ሌላ ሰው የለም።"

አደም ተነሳ፤ አጎቱ ክንዱን ቢይዘው አስለቅቆ ከዳሱ ወጣ። ከደጅ ሆኖ ጮክ ብሎ፣ "ጥሎ የወጣው እኔ ነኝ፣ ሁላችሁም መስክሩ! በል፣ ሰይድን አምጣው" አለኝ።

ወንበሩን እየገፋሁ ዞር ብዬ አየሁ፤ ሸሁ ለዱአ የዘረጉትን እጅ ገና አላወረዱም።