ከገዛ ሥጋቸው የወጣው ሰንበር

እናንት ልቅሶ ደራሾች፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ይህን ስሙ።

ወይዘሮ አለምነሽ ዶላሞ ከአባታቸው ከአቶ ዶላሞና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካል በ1944 ዓ.ም. ከጂንካ ወጣ ብሎ ባለ የአሪ መንደር ተወለዱ። ሦስተኛ ክፍል ሳሉ አስተማሪያቸው በአለንጋ ጫፍ ነካ ቢያደርጓቸው ክንዳቸው ላይ እንደ ገመድ የወፈረ ሰንበር ተጋደመና፣ ይህች ልጅ በሽታ ታጋባለች ተብለው ተባረሩ፤ ከዚያ ወዲያ ደብተር አልያዙም።

ሰፈሩ ያልቀባቸው ነገር የለም። የፍየል ሐሞት፣ የከረመ ቅቤ፣ ትኩስ እበት፤ ይህን ከምታነበው ከአክስታቸው ከሽታዬ አፍንጫ ሽታው ዛሬም አልወጣም። ሲቀቡ ያሳክካቸው፣ ሲያኩት ያብጥ፣ ሲያብጥ ደግሞ ይቀቡ ነበር።

በ1967 አቶ ወርቅነህን አግብተው ገበያ ዳር ዳቦ መጋገር ቢጀምሩም፣ የቡሃቃው ጠርዝ ያገኘው ክንዳቸው ሁሉ አብጦ ሲታይ ደንበኛው አፍንጫውን ይዞ ይሸሽ ነበርና ዳቦው ሻግቶ ለዶሮ ተደፋ። ከዲመካ የመጣ ከብት ነጋዴ እንኳ የጎረሰውን እፊታቸው እንትፍ አለው። እንዲህ ካደረጉት አንዳንዶቹ ዛሬ ነጠላ አዘቅዝቀው እዚሁ ተቀምጠዋል።

በ1969 የጤና ጣቢያው ድሬሰር ተፈሪ በቅዳሜ ገበያ መሀል ክንዳቸውን ይዘው በእስክሪብቶ ክዳን ስማቸውን ጻፉበት፤ ጥቂት ቆይቶ ስሙ አብጦ ተነበበ። ሕዝቡ ሲጸየፍ ድሬሰሩ አስረዱ፤ ከምንበላው ሥጋና ባቄላ ሂስቲዲን የሚባል ነገር እናገኛለን፣ ከቆዳ ሥር ያሉ ደቃቅ ሕዋሳት ከላዩ ጥቂት ቀንሰው ሂስታሚን ያደርጉትና በጓዳቸው ያስቀምጡታል፣ የሁላችንም ገላ ይሠራዋል፣ የአለምነሽ ግን ገና ሲነካ ስለሚያፈሰው ያሳክካል፣ ያብጣል፣ ቆይቶም ይጠፋል አሉ። ከዚያም፦ «ከእሷ ወደ እናንተ የሚተላለፈው ዳቦው ብቻ ነው» ብለው ቆርሰው ጎረሱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዳቦው ሳይሸጥ ማደሩ ቀረ።

ወይዘሮ አለምነሽ ዘንድሮ፣ በ1983፣ ወደ አርቦሬ ወርደው በያዛቸው ወባ ትናንት አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንድ ልጃቸውን ሣራንና አክስታቸውን ትተውልናል።

ሣራ ከጠዋት ጀምሮ እንባዋን ስትጠርግ ጉንጮቿ በሰንበር ተሞልተዋል፤ ገላዋ የእናቷ ነው። አፉን በነጠላ የሸፈነ ይግለጥ። ስትሰናበቷት ጉንጯን ሳሙ፤ የሚያፈገፍገውን ሽታዬ በር ላይ ቆማ ታያለች።

ጌታ የወይዘሮ አለምነሽን ነፍስ ማንም ፊቱን በማያዞርባቸው ቤት ያሳርፍልን። አሜን።